ጉሮሮው የዋጠው ውኃ

ያግሊካ በዕድሜዋ ብዙ ኮሚቴ ተቀብላ ሸኝታለች፤ በአንዱም ተሸንፋ አታውቅም። የፍየል ኮሚቴ መጥቷል፣ የጣራ ኮሚቴ መጥቷል፣ በረዶ የሰበረውን የፕለም ዛፍ የሚቆጥር ኮሚቴም መጥቷል። ክሪቮዶ መንደር ለኮሚቴ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የእንግዳው አፍ ይያዛል፤ የተጨሰ የበግ ሥጋ፣ በስልቻ የከረመ አይብ፣ ራኪያ የሚሉት የፕለም አረቄ። እሱ ሲያኝክ የጎረቤቷ የኦብረን ፍየሎች በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞረው የጋቭሪሎ ፍየሎች ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ ደግሞ የያግሊካ። አንድ ጊዜ ቀንዷ የተሰበረ ፍየል በሦስት ግቢ ታይታ፣ የኮሚቴው ሰውዬ «ይቺን የማውቃት ይመስለኛል» ቢል፣ ጋቭሪሎ «እኅትማማች ናቸው፤ ቀንድ መስበር ከእናታቸው የወረሱት ነው» ብሎ አሳመነው። ድጎማውም መጣ። ማንም አላፈረም። መንግሥትን ማታለል ኃጢአት ነው የሚል ቄስ ክሪቮዶ ተሹሞ አያውቅም።

የዚያ ዓመቱ ኮሚቴ ግን ለፍየል አልነበረም የሚመጣው። ለኔዳ ነበር።

ኔዳ አራት ዓመት በያግሊካ ቤት ፎቅ ላይ የኖረች የውኃ ተመራማሪ ናት። ቀጭን ናት፣ ሜዳ ላይ እንቅፋት ይመታታል፣ ጫማዋን ደረጃ ላይ ትታ ትወጣለች። ሥራዋ ዝናብ መሰብሰብ ነው። በያግሊካ ጓሮ ረዘም ያለ የብረት ጣሳ ተክላለች። በዘነበ ቁጥር ትለካዋለች፣ በትንንሽ ጠርሙስ ቀድታ ወደ ከተማ ትልካለች፤ ከዚያ ከተራራው ሥር ወርዳ ምንጮቹን ስትለካ ትውላለች። ዝናቡ ከባሕር ተነሥቶ እንዴት ተራራው ላይ እንደሚወርድ፣ ምድር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ተመልሶ እንዴት ደመና እንደሚሆን ማወቅ ትፈልጋለች። ለምን? ለማወቅ። ጋቭሪሎ በጣሳው አጠገብ ባለፈ ቁጥር «ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ይላት ነበር፤ እሷም ትስቃለች፤ እሱም በመሳቋ ይናደዳል።

የክሪቮዶ ውኃ አመለኛ ነው። የመከር ዝናብ ሲጥል ወንዙ ድንገት መጥቶ ሜዳውን ይሞላል። ከዚያ ገደሉ ሥር ያለው ትልቅ ጉድጓድ፣ ሰዉ «ጉሮሮው» የሚለው፣ ወንዙን እንዳለ ይውጠዋል። ግንድ ቢሉ፣ የሞተ በግ ቢሉ፣ የሰው አጥር ቢሉ አይመርጥም። በጋ ሲገባ ሜዳው ይሰነጣጠቃል፤ ሰው ከጣራው ያጠራቀመውን ውኃ ከጓሮ ጉድጓዱ እየቆጠበ ይጠጣል። ጉሮሮው የዋጠው ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ያየ የለም፤ አውቃለሁ የማይል ሰው ግን በመንደሩ አልተወለደም።

የኔዳን ሥራ የሚደግፈው ከተማ ያለ አንድ የምርምር ፈንድ ነው። የሰጣት ጊዜ አለቀ። ኮሚቴው መጥቶ አይቶ ካልቀጠለላት፣ በመከር በሚውለው በቅዱስ ዲሜጥሮስ ቀን፣ እረኛ ሁሉ ከጌታው በሚለያይበት ቀን፣ እሷም ጓዟን ጠቅልላ ትወርዳለች። ያግሊካ ይህን የሰማች ዕለት «እሰይ፣ ደረጃዬ ከጫማ ሊገላገል ነው» አለች። ራት ግን አልበላችም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው፤ ለፋሲካ ይደውላሉ። ኔዳ ከመምጣቷ በፊት በዚያ ቤት የሚሰማው ድምፅ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር። ሰዓቱን ደግሞ ያመጣችው አማቷ ስለሆነች ያግሊካ አትወደውም።

ኮሚቴው ሊመጣ ሰሞን ሁለቱም ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ያግሊካ ጠየቀች።

«ለመሆኑ ምን ልትያቸው ነው?»

«ስለ ምኑ?»

«ጥቅሙ ምንድን ነው ሲሉሽ ነዋ።»

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ገና አላውቅም።»

ያግሊካ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ ስንት ዓመት ነው የተማርሽው?»

«ወደ ሃያ ይጠጋል።»

«በሃያ ዓመት አንዲት ውሸት አላስተማሩሽም?»

«እማማ፣ እነዚህ እንደ ሌሎቹ አይደሉም። የእነሱ ፈንድ...»

«ኮሚቴ ኮሚቴ ነው። ፍየል ነጭ ሆነ ጥቁር ሆነ ጎመን ይበላል። ላጪ።»

ኔዳ ልታስረዳት ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ያግሊካ ሁለቴም ሽንኩርት አቀበለቻት። በማግስቱ ኔዳ ወደ ምንጮቹ ስትወርድ ጠብቃ፣ ያግሊካ መንደሩን በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ሰበሰበች። መንደሩ ማለት ጋቭሪሎ፣ ኦብረንና መበለቲቱ ፔትሩሻ ናቸው፤ የቀረው ወይ ከተማ ነው ወይ መቃብር። ጋቭሪሎ የሟች ባሏ አበልጅ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚጨቃጨቃት ሰው እንዳታጣ ኃላፊነቱን እሱ ወስዷል። ያግሊካ ቆማ ጥቅም ማከፋፈል ጀመረች።

«ጋቭሪሎ፣ አንተ ጉልበትህ ተሽሎሃል።»

«መቼ?»

«ኔዳ ከመጣች ወዲህ። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ትነግርሃለች፣ በጊዜ ትገባለህ፣ ብርድ አይመታህም።»

«እኔ እኮ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም፣ አበልጄ።»

«ባለፈው የመቃብሩ አጥር ሲሠራ ምን ነበር ያመመህ?»

ጋቭሪሎ ኮፍያውን አስተካከለ። «እሱ... ጉልበቴ ነበር።»

«እንግዲያው ተሽሎሃል። ኦብረን፣ ያንተ ወይን በሷ ምክር ከበረዶ ተርፏል። ፔትሩሻ፣ ያንቺ ንቦች ማራቸው በዝቷል።»

«ንቦቼማ ሞቱ እኮ፣ ያግሊካ» አለች ፔትሩሻ።

«ባይሞቱ ይጠቀሙ ነበር። እሱን ተናገሪ።»

ኮሚቴው የሚመጣበት ጠዋት ደረሰ። ኔዳ እንግዶቹን ልትቀበል ወደ አስፋልቱ ወረደች። ጋቭሪሎ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጓሮ ገባና አንገቱን ጣሳው ውስጥ ከተተ።

«ያግሊካ፣ ይሄ ነገር ባዶ ነው።»

«ከጴጥሮስ በዓል ወዲህ መች ዘነበና።»

«ሰዎቹ ዝናብ ሊያዩ መጥተው ባዶ ዕቃ ልታሳዪያቸው ነው?»

ያግሊካ ክው አለች። በክሪቮዶ እንግዳ ሲመጣ ባዶ ዕቃ ፊቱ ላይ አይደቀንም። የደኸየ የተባለው ቤት እንኳ እንግዳ ከሩቅ ካየ እንሥራውን ውኃ ይሞላና በር ላይ ያኖራል። ባዶ ዕቃ ማሳየት «ምን አመጣህ» ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጥቅም ስታከፋፍል፣ ዋናው ዕቃ ባዶውን መቆሙን አለማሰቧ አበሳጫት። ከጉድጓዷ ቀድታ፣ ለራሷ ፊት እንኳ የነፈገችውን ውኃ፣ ጣሳው ውስጥ ገለበጠችው።

«ጨመር አድርጊበት» አለ ጋቭሪሎ።

«ጎርፍ አስመስዬ ልገላገልህ? ይበቃል።»

ኮሚቴው ሁለት ሰው ነበር። ሰብሳቢዋ ዶክተር ስላቪንካ ትባላለች፤ ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ለድንጋይ መንገድ የማይሆን ጥሩ ጫማ ያደረገች፣ ሳትስቅ የምታዳምጥ ሴት። ሌላው ፕሮፌሰር ቦጊች ነው፤ ቁጭ እንዳለ አይቡን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ያግሊካ ይሄኛው አልቋል ብላ ፊቷን ወደ ሴትየዋ አዞረች።

ጋቭሪሎ ጀመረ። ስለ ጉልበቱ ተናገረ፤ ማንም ሳይጠይቀው ሱሪውን ሰብስቦ አሳየ። ወዲያው ስለ ወገቡም ጨመረ፤ ወገቡ በክፍፍሉ አልነበረበትም። ኦብረን ወይኑን ከበረዶ አተረፈ፤ አንዴ አፉን ከከፈተ ዘንድ ጎመኑንም አተረፈ። ፔትሩሻ ንቦቿ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ እንዴት ደስ ይላቸው እንደነበር ስትናገር ዕንባ መጣባት፤ ዕንባው እውነተኛ ነበር። ኔዳ ጥግ ላይ ቆማ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ዶክተር፣ ይሄ...» ስትል ያግሊካ የሥጋውን ሳሕን ፊቷ ላይ ደቀነችባት።

«አሁን መለኪያውን ልየው» አለች ዶክተር ስላቪንካ በመጨረሻ።

ሁሉም ተከትለዋት ጓሮ ገቡ። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ጣሳውን ተመለከተች። ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ውኃው ውስጥ ከጓሮ ጉድጓዱ የመጣች አንዲት የትንኝ እጭ ወገቧን እየቆለመመች ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

«ኔዳ፣ እዚህ መጨረሻ የዘነበው መቼ ነው?»

«በጴጥሮስ በዓል» አለች ኔዳ፤ ቀርባ አየች፤ ቀለሟ ጠፋ። «ይሄ ዝናብ አይደለም፣ ዶክተር።»

የፕሮፌሰሩ ማኘክ ብቻ ይሰማል፤ አይቡን ይዞት ወጥቷል።

«እዚህ ጣሳ ላይ ብቻ ነው የዘነበው» አለ ጋቭሪሎ። «ደመናዋ ትንሽ ነበረች።»

ዶክተር ስላቪንካ ቀና አለች። «እንግዲህ ሁለት ነገር ነው» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። «አንደኛ፣ የተነካ መለኪያ ካየሁ የአራት ዓመቱን ሥራ ሁሉ ልጠረጥር ነው። ሁለተኛ፣ ይሄ ሥራ ጉልበት የሚያድን፣ ወይን የሚያተርፍ፣ ንብ የሚያስደስት ከሆነ በር ተሳስታችኋል። የእኛ ፈንድ ጥቅሙ ገና ላልታወቀ ነገር ነው። ሰው ማወቅ ስለፈለገ ብቻ ለሚጠይቀው። ለሚጠቅመው ሌላ ቢሮ አለ፤ ወረፋውም ረጅም ነው።»

ያግሊካ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ለማይጠቅም ነገር ገንዘብ የሚሰጥ ኮሚቴ። ፍየሎቹን ሁሉ አዙራ ስታበዛ ውላ፣ ለካ ሰዎቹ የመጡት ፍየል የሌለውን ሰው ፍለጋ ነው። ወደ ኔዳ ዞረች። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ጠርሙሶቿን የምትጭንበትን ሣጥን ነበር የምታየው፤ ሰው ዕቃውን ከመሸከሙ በፊት ክብደቱን እንደሚገምተው።

«ውኃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች ያግሊካ። «ልጅቷ አታውቅም። ብታውቅ ጣሳውን ራሴ ላይ ትደፋብኝ ነበር። የሰማሽው ሁሉ ውሸት ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ያደልኳቸው እኔ ነኝ።»

«የእኚህ ሰውዬ ጉልበትስ?» አለች ዶክተሯ።

«የሱ ጉልበት የሚያመው ሥራ ሲመጣ ነው። ሥራ ሲያልቅ ይድናል።»

ጋቭሪሎ ነገሩ ወዴት እንደዞረ ገባው፤ ገብቶት ዝም ማለት ደግሞ አይችልም። «እውነቷን ነው ዶክተር። ምንም አይጠቅምም። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ኩባያ ውኃ አልጨመረችልንም።»

«ወይኔን በረዶ እንክትክት አድርጎታል» አለ ኦብረን በኩራት።

«ንቦቼን የገደለቻቸው እሷ ሳትሆን አትቀርም» አለች ፔትሩሻ።

«ይበቃል» አለች ዶክተሯ። «አሁን ደግሞ በወዲያኛው በኩል አበዛችሁት። የማይጠቅም ነገርማ ሞልቷል፤ የኛን ቢሮ መጥታችሁ ብታዩ። አለመጥቀሙ ብቻ አይበቃም። ማወቅ የሚፈልገው ማን ነው? ከኔዳ ሌላ፣ እዚህ፣ ከናንተ መሃል፣ ይሄ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የሚፈልግ አለ?»

ጋቭሪሎ ጫማውን አየ። ኦብረን የጋቭሪሎን ጫማ አየ። አውቃለሁ ማለት ለምዶባቸው፣ አለማወቅን ለመናገር አፋቸው አልታዘዝ አላቸው።

ያግሊካ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ብትናገር ደግሞ ሌላ ነገሯ ሊፈርስ ነው። በዚያ አገር ጠንካራ ቅርፊት ያላት የዛፍ ለውዝ የሙታን ናት፤ ለነፍሳቸው ትሰጣለች። ያግሊካ በየዓመቱ ወንዙ በተመለሰ ዕለት ጥቁር ለብሳ ወደ ጉሮሮው ትወርድና ለውዝ በእፍኝ እየዘገነች ትጥላለች። ቄሱ በስብከታቸው ላይ «እንደ ያግሊካ ያለች ባሏን የማትረሳ መበለት» ይላሉ። በቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው በዚህ ነው፤ ፔትሩሻ ሁለተኛው ላይ ናት፣ ሲነድዳት ይኖራል።

«እኔ» አለች።

«እርስዎ?»

«ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ዓመት ጉሮሮው ጋ ቆሜ፣ ይሄ ሁሉ ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ አማቴን ጠየቅኋት። አንቺ ሳሕንሽን እጠቢ አለችኝ። አጠብኩ። ሳጥብ ግን አስብ ነበር። ለውዝ ጫፏን በጋለ ምስማር እየተኮስኩ መጣል ጀመርኩ። የአክስቴ ልጅ ከተራራው ማዶ ዝሎታ ምንጭ አጠገብ ነበር የተዳረችው፤ እሷ እዚያ ሆና ትጠብቃለች። የተተኮሰች ለውዝ ስትወጣ ልትልክልኝ። እስከ ዛሬ አንዲት አልወጣችም።»

ጋቭሪሎ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «ባልሽን ለማሰብ አልነበረም?»

«እሱ ከመሞቱ በፊትም እጥል ነበር። እሱ ሲሞት ነው ሰው ምንድን ነው የምትጥይው ማለት የተወው።»

«እኛ እኮ ኮፍያችንን አውልቀን ነው የምናልፍሽ።»

«አይቻችኋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።»

ፔትሩሻ አፏን ይዛለች፤ ከእሑድ ጀምሮ የፊተኛው ወንበር የማን እንደሚሆን ፊቷ ላይ ተጽፏል። ያግሊካ አየቻት፤ ወደ ዶክተሯም ዞረች። «ለምን ይጠቅምሻል ብትዪኝ ለምንም። ለውዝ ነው የከሰርኩት። ግን ሳላውቅ ብሞት ይከነክነኛል፤ ከነከነኝ ደግሞ በሕልማችሁ እየመጣሁ ነው የማስቸግራችሁ።»

ያን ጊዜ ፕሮፌሰር ቦጊች ለመጀመሪያ ጊዜ ጉርሻውን ዋጠ። «ዝሎታ ጋ ነው የሚጠብቁት?»

«ታዲያ የት?»

«እንዴት ይወጣል? ውኃው እኮ የሚወጣው በሞክራ ምንጭ ነው። እናቴ የሞክራ ልጅ ናት። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ ክሪቮዶ ሲዘንብ ሞክራ ይደፈርሳል።»

«ሞክራማ የሚደፈርሰው ሞክራዎች በግ ስለሚያጥቡበት ነው» አለ ጋቭሪሎ።

«በሁለቱም አይደለም» አለች ዶክተር ስላቪንካ። «ድንጋዩ ወደ ደቡብ ነው የሚያዘነብለው። በቀጥታ ባሕር ነው የሚገባው።»

«ድንጋዩ የሚያዘነብለው ካርታሽ ላይ ነው» አለ ቦጊች።

«አንተ ደግሞ በእናትህ ትለካለህ?»

ኔዳ መሃል ገባች፤ ቀለም እንዳለ፣ ሰውንም ከብትንም የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም ጉሮሮው ውስጥ አፍስሶ በየምንጩ መጠበቅ እንደሚቻል፣ በማመልከቻዋ ላይ ያለውም እሱ መሆኑን ተናገረች። የሰማት የለም። ጋቭሪሎ ለዝሎታ አንድ ሙክት በግ አስያዘ፣ ፕሮፌሰሩ ለሞክራ የእናቱን ራኪያ አስያዘ፤ ዶክተሯ «እኔ አልወራረድም፣ ሰብሳቢ ነኝ» ብላ ትንሽ ቆይታ «ለባሕሩ ግን እራት እጋብዛለሁ» አለች። ወደ መኪናው ሲወርዱ የጫማዋ ተረከዝ ድንጋይ መሃል ተነቅሎ ቀረ፤ በአንድ እግሯ እያነከሰች ስለ ድንጋይ ዝንባሌ ትከራከር ነበር።

ገንዘቡ ለአንድ ዓመት ተፈቀደ። አንድ ግዴታ ነበረበት፤ የዚያ ወር የዝናብ ልኬት ይሰረዝ፣ ምክንያቱም ይጻፍ። ኔዳ ምክንያቱን ጽፋ ለያግሊካ አነበበችላት፤ «በዚህ ወር የተገኘው ውኃ ከሰማይ ሳይሆን ከወይዘሮ ያግሊካ የወረደ ነው።» ያግሊካ ስሟ ከተማ ድረስ መሄዱን አልጠላችውም። የፊቱ ወንበር ግን ሄደ። ፔትሩሻ የመጀመሪያዋን እሑድ እዚያ ተቀምጣ፣ የጎን በሩ አጠገብ ስለሆነ ብርድ እንደሚነፍስበት ያኔ አወቀች፤ ያግሊካ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር።

ከቅዱስ ዲሜጥሮስ በኋላ ዝናቡ ወረደ፣ ወንዙ መጣ፣ ኔዳ ቀለሙን ጉሮሮው ውስጥ ደፋችው። ወንዙ እንደ ክርስትና ልብስ ሪባን አረንጓዴ ሆኖ ሲገባ መንደሩ ቆሞ አየ። ከዚያ ሁሉም ወደየምንጩ ተበተነ። ፕሮፌሰሩ የአጎቱን ቦቲ አድርጎ ሞክራ ቆመ። ዶክተሯ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች፤ ባሕር ለማየት የመጣች አስመስላ። ያግሊካ፣ ኔዳና ጋቭሪሎ ዝሎታ ላይ ተቀመጡ።

ጠበቁ። አይብ በሉ፣ ተጨቃጨቁ፣ ተመላለሱ፣ ዳግመኛ ጠበቁ። ዝሎታ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ይፈሳል። ከሞክራ ስልክ ተደወለ፤ ቦጊች በተሸነፈ ድምፅ «በግ እንኳ የታጠበ የለም» አለ። ከባሕሩም ተደወለ፤ ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ጋቭሪሎ ሙክቱ በመትረፉ ደስ ብሎት፣ ባለማሸነፉ ከፍቶት፣ የቱን ፊት እንደሚያሳይ ጠፍቶት ወደ ቤቱ ሄደ።

ኔዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «የትም አልወጣም፣ እማማ። ያን የሚያህል ወንዝ።»

«ይጠፋል እንዴ?»

«አይጠፋም። ወይ ማንም የማያውቀው ቦታ ይወጣል፣ ወይ ከታች ሐይቅ የሚያህል ነገር አለና እዚያ ተቀምጧል፣ ወይ የኛ ዕድሜ ሳይበቃው ቀስ ብሎ ይመጣል። አላውቅም።»

«እና ምን ትያቸዋለሽ?»

«አላውቅም እላቸዋለኋ። ለማወቅ ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ያስፈልጋል።»

ያግሊካ ጥርት ብሎ የሚፈሰውን ውኃ አየች። ፊቷን ማዘዝ የምታውቅ ሴት ናት፤ አሁንም አዘዘችው፣ በመጠኑ እምቢ አላት። መሐረቧን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ይሰጡሻል?»

«ዶክተር ስላቪንካ ከባሕሩ ስትደውል ተናድዳ ነበር። የተናደደች ኮሚቴ ትሰጣለች መሰለኝ።»

«እንግዲያው ተነሺ፣ ምን ትጎለቺያለሽ» አለች ያግሊካ። «ኦብረን የማገዶ እንጨቱን ለሞክራዎች ሳይሸጥብን ሄደን እንያዘው። ያ የላይኛው ክፍል በረዶ ሲጥል አይቻልም፤ በዓመት በዓመቱ አንቺ ስታስይ ጣራው እየተነቀነቀ እንቅልፍ ነስተሽኛል።»